በነጋ መማል

ሕሊና ጥቁር ቀሚሷን አውልቃ አረንጓዴ አበባ ያለበትን ለበሰች። የሆስፒታሉ መታጠቢያ ቤት ልብስ መስቀያ ስላልነበረው አንዱን በጥርሷ ይዛ ነበር ሌላውን ያጠለቀችው። ጥቁሩን አጣጥፋ በፌስታል ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከታች ቀበረችው።

ሌሊቱን ያደረችው ኮላ ድባ፣ የአጎቷ የነጋ ለቅሶ ቤት ነው። ነጋ በወባ ካረፈ ከወር በላይ ሆኖታል። ታናሽ እህቱ የትነበርሽ፣ የሕሊና እናት፣ እስካሁን አልሰማችም። የካንሰር መድኃኒቷን፣ ኪሞውን፣ እስክትጨርስ እንዳይነገራት ዘመድ ሁሉ ተስማምቶ ነበር። ዛሬ የመጨረሻው ነው።

ሌላው አጎቷ ሙሉሰው አብሯት በሚኒባስ መጥቶ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሟል። የሐዘን ጢሙን ስላልተላጨ ወደ ውስጥ አይገባም።

«ጀመሩላት?» አላት።

«አዎ፣ ጎረቤታችን ናት ያመጣቻት። እስከ ከሰዓት ይቆያል።»

«ሸጋ። እንግዲያው ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን። ሰው በሁለት ማኪና ይመጣል።»

«አያ፣ ሐኪሙ ሰው እንዳይበዛባት ብሏል። ከመድኃኒቱ በኋላ ሰውነቷ ስለሚደክም ጉንፋን እንኳ ይጥላታል።»

«ምነው ልጄ! ታላቅ ወንድሟ እኮ ነው። ሞቱን ብቻዋን፣ እንደ ተራ ወሬ ትስማው? አርባው እሑድ ነው። ከአርባው ብታስቀሪያት ዕድሜ ልኳን ትቀየምሻለች።»

ሕሊናም የባሏን ሞት የተረዳችው ጎህ ሲቀድ ነበር። በሩን ስትከፍት ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር፤ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ክንዷን ያዟት። የዚያን ዕለት ያልያዟት ቢሆን የት ትወድቅ እንደነበር አታውቅም። ምነው እንደዚያ ባልያዙኝ ብላ የተመኘችበት ቀንም አለ።

ሕሊና ወደ ውስጥ ስትገባ የትነበርሽ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ትራሱን ተደግፋለች። መድኃኒቱ ከላይ ከተሰቀለው ከረጢት ወደ ክንዷ ይንጠባጠባል።

«የመስክ ሥራው እንዴት ነበር?» አለች።

«ደህና» አለች ሕሊና፤ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ለመስክ ሥራ ነው ብላት ነበር።

«ይሄ የደህና ሰው ፊት አይደለም። ለሲስተር ልንገራትና ላንቺም አልጋ ትፈልግልሽ?»

ሕሊና ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከፔርሙሱ አጥሚት ቀዳችላት።

«ትንሽ ቅመሽ።»

«ብረት ብረት ይለኛል። ሙሉሰው ይሙት አላስገባውም!»

ሕሊና ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። እናቷ በሌላ ሰው ስትምል ሰምታ አታውቅም። ገበያ ስትከራከር፣ እንግዳ ብላ ስታስገድድ፣ ልጆቿን ስትቆጣ፣ ሁሌም «ነጋ ይሙት!» ነበር መሐላዋ። አጎቷ ካረፈ ወዲህ ያ መሐላ በተሰማ ቁጥር ሕሊና ወለል ወለሉን እያየች ታሳልፈው ነበር። ዛሬ ባለመስማቷ እፎይ ማለት ሲገባት ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

«ምነው በአያ ሙሉሰው ማልሽ?»

«በማን ልማል? በዚያ ቀርቶ በቀረው?» የትነበርሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «መንገድ ተዘግቷል አላችሁኝ፣ እሺ አልኩ። ኔትወርክ የለም አላችሁኝ፣ እሺ። ጎረቤታችን ትናንት ከኮላ ድባ በርበሬ አስመጣች። በርበሬ የሚያልፍበት መንገድ ለወንድሜ ተዘጋ?»

«እማ…»

«ተይኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሳስመልስ ሳህኑን የሚይዝልኝ እሱ ነበር። ‹ሲስተር፣ ለኔ ተይው› ይላት ነበር። ኋላ ጠረኔ ሰለቸው። ሰው በሽተኛ ይሰለቻል፣ አይፈረድበትም። የእናቴን ጡት የጠባ ይሰለቻል ብዬ ግን አላሰብኩም።» ትንፋሿ አጠራት። «ብሞት ቀብሬ ላይ እንዳይቆም። አደራ።»

«እንዲህ አትበይ።»

«አደራ ብያለሁ።»

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ቆይታም እንቅልፍ ወሰዳት።

ሕሊና የቀዘቀዘውን አጥሚት ወደ ፔርሙሱ መለሰችው። የነጋ ሚስት ሌሊት የነገረቻት ትዝ አላት። ትኩሳቱ ሲያቃዠው «የየትነበርሽ መድኃኒት ቀን መቼ ነው?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር፤ ነገ ነው ሲሉት ጫማ አምጡልኝ ይል ነበር። እናቷ ይህን ሳታውቅ ነው ሰውየውን ከመሐላዋ ያስወጣችው። ነገ ጠዋት ሰው ግቢውን ሞልቶ ሲያለቅስ ይህን ማን ይነግራታል? ማንስ ያደምጣል?

ስልኳ ነዘረ። ወደ መተላለፊያው ወጣች።

«ድንኳን ይተከል ወይ እያሉ ነው» አለ ሙሉሰው።

«አያ፣ ሰዎቹን ያስቀሯቸው።»

«ምን አልሽ?»

«ነገ ማንም አይምጣ። ሐኪሙ ከፈቀደ ለአርባው እኔ ራሴ ይዣት እመጣለሁ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እኔን ይበል።»

ሙሉሰው «ከባድ ነገር ነው የምትሸከሚው» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ስትመለስ ነርሷ ቃልኪዳን መርፌውን ነቅላ ጥጥ እያሰረች ነበር።

«እማማ የትነበርሽ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ከእንግዲህ እዚህ እንዳላይዎት።»

«አሜን ልጄ። ካንቺ ጋር ገበያ ያገናኘን» አለች የትነበርሽ፣ እግሯን ከአልጋው እያወረደች።

ሕሊና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ትንሽ ብንቆይ ይቻላል?» አለቻት።

ቃልኪዳን ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች፣ ቀጥላም ሕሊናን አየች። ምንም ሳትጠይቅ መጋረጃውን ሳበችላቸውና ሄደች።

«ምን እንጠብቃለን?» አለች የትነበርሽ። «ጨርሰናል አይደል?»

«ተቀመጪ፣ እማ» አለች ሕሊና። «ስለ አያ ነጋ የዋሸንሽ ነገር አለ።»