የአሳምነው ድንኳን

እድራችን ድንኳኑን ለፊልም አውሶ አያውቅም። ያዋስኩት እኔ ነኝ። ንብረት ያዥ ስለሆንኩ ቁልፉ በእጄ ነው፤ ስብሰባ ሳልጠራ አወጣሁት።

የጎረቤቴ የአሳምነው ልጅ የምሥራች ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ጀምሮ ካሜራ ተሸክማ እንጅባራን ትዞራለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ፌስቲቫል የሚሉት አላቸው፤ ሲኒማ ቤት የማይቀበላቸውን ፊልሞች ብቻ የሚያሳዩበት። ተዋናይ የለ፣ ዘፈን የለ፣ አንዳንዱ ላይ ሰውም የለ። ዐምና በአንድ አዳራሽ አሳይተው ተመልካቹ አንድ በአንድ እየተነሣ ሄደና ዘበኛው ብቻ ቀረ። እሱም መዝጋት ስላለበት ነው።

ዘንድሮ አዳራሽም አጡ። የመክፈቻው ፊልም የእሷ ነው፦ አባቷ ቀርከሃ ሲሰነጥቅና አጥር ሲያጥር፣ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ቃል ሳይተነፍስ።

«ቀርከሃ ስሰነጥቅ ማየት የፈለገ ግቢዬ ይምጣ» አለ አሳምነው። ከዚያ ቁርጡን ነገራት። ሰው እስከ መጨረሻ ከተቀመጠላት ዝም ይላል፤ ከተነሣባት ሰኞ ጫግኒ ወርዳ የአጎቷ የይሄነው እህል መጋዘን ሥራ ትገባለች።

«ጋሼ ደረሰ፣ እርስዎ ካልደረሱልኝ አለቀልኝ» አለችኝ። «የምናሳየው በቀን ነው፤ ጨለማ የሚሆን ወፍራም ሸራ ያስፈልገኛል።»

ቅዳሜ ከሰዓት አሳምነው ደጃፍ ላይ ተከልነው። ቀዳዳውን በብርድ ልብስ ደፍነን፣ ከፊት አቡጀዲ ወጥረን፣ የእድሩን አግዳሚዎች ደረደርን። ስምንት ሰው መጣ። አሳምነው ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ጎረምሶች ለመውጣት ተነሡ። አሳምነው በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። የምሥራች ፕሮጀክተሩ ላይ አቀርቅራ ቀረች።

ጎረምሶቹን ግን በሩ ላይ የሚገባ ሰው ገፍቶ መለሳቸው። የሰፈራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ለገበያ የወጡ የአሳምነው ዘመዶች፣ አንዱ ፈረሱን ደጅ አስሮ፣ ሁሉም እየገቡ ዝም ብለው ተቀመጡ። ጎረምሶቹም አፍረው ተቀመጡ። የእድር ድንኳን ደጅ ላይ ቆሞ፣ ሰው ጨለማ ውስጥ አቀርቅሮ ያየ ምን ይበል? ይህን ቀድሜ አለማሰቤ የራሴ ጉድ ነው።

ከፊት አቡጀዲው ላይ ደግሞ የአሳምነው መልክ።

የግምጃ ቤቷ ዘመዱ የሻረግ ያን ስታይ ደረቷን መታች። «ወይኔ ወንድሜን! ያጠርከው አጥር ቆሞ አንተ ቀደምክ! ባሌ የሞተ ጊዜ ሳይጠራ መጥቶ ያጠረልኝ እጅ ይኸው!» ከዚያ በአዊኛ ቀጠለች። የገባውም ያልገባውም አለቀሰ።

«ተነሥና ንገራት እንጂ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዝም በል። ትጨርስ።»

ፊልሙ እስኪያልቅ አንድም ሰው አልተነቃነቀ። ምስሉ ሲጠፋ አሳምነው ጋቢውን ከራሱ ገለጠና ቆመ። «የሻረግ፣ አለሁ» አላት።

ጩኸቷ ደጅ የታሰረውን ፈረስ አስበረገገው። ቀጥላ በነጠላዋ ጫፍ ትገርፈው ጀመር። «አንተ! ሳትሞት ታስለቅሰኛለህ? ድንኳኑንስ ያወጣው የትኛው ነው?» ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ብርድ ልብሱን አስተካክል ነበር።

ሳቁ በረድ ሲል የምሥራች ተነሣች። ዓይኗ ቀልቷል። «አባዬ፣ ይሄ አይቆጠርም። የተቀመጡት ለለቅሶ ነው እንጂ ለፊልሙ አይደለም።»

ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? አሳምነው ጢሙን አሻሸ።

«መልሰሽ አስጀምሪው» አላት። «ጎበዝ፣ እንዳልሞትኩ አይታችኋል። መሄድ የፈለገ ይሂድ።»

ጎረምሶቹ ወጡ። አራት አምስት ሰው ተከተላቸው። ሌላው ተቀመጠ፤ አሁንማ አፉን ፈትቶ። «አያያዙን እዩት፣ ቢላዋውን ወደ ራሱ አይስብም» ይላል አንዱ። «ቆይ፣ ያን ቋጠሮ እንዴት ነው ያሰረው?» ትላለች የሻረግ። ሃያ አምስቱ ደቂቃ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አሳምነው ስልኩን አወጣ።

«ይሄነው ወንድሜ፣ ለመጋዘኑ ሌላ ሰው ፈልግ። ... አይ፣ ደኅና ናት። ሥራ ይዛለች።»

«ደጅ ወጥተህ አውራ!» አለችው የሻረግ። «ፊልም እያየን ነው!»