ጭቃ አዳልጧት ነው

«ጭቃ አዳልጧት ነው አሉኝ» አለ ዘሪሁን፣ የተሰጠውን ንፍሮ ሳይቀምስ። «በሲሬ ጭቃ ያደገች እህቴን የአሰላ ጭቃ ገደላት?»

ፀዲ ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከሟቿ ከሰሎሜ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ ቡና ቤት በሴተኛ አዳሪነት አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ወንድሟ ግን ልብስ ሰፊ መሆኗን ብቻ ነው የሚያውቀው። ምን ትበለው እንግዲህ?

«ቀኗ ደርሶ ነው» አለችው።

ሣልስቱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ሊወጣ ነው የሚባለውን ሕግ፣ የሰሞኑን ወሬ አንስተዋል።

«ሕግ ይውጣ!» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ሀይሉ። «ሴተኛ አዳሪዋንም ያከራያትንም ማሰር ነው። ከተማው ይጸዳል።»

«የሚከፍላት ወንድስ? ዘመድዎ ነው እንዴ?» አለች ጎረቤታቸው አስያ፤ ሳቅ ሆነ። «እኔም ሃራም ነው ባይ ነኝ። ግን ሴትየዋን ካሰራችኋት፣ የደበደባትን ማን ጋ ሄዳ ትክሰስ?»

«ሥራውን ትተዋ!»

«ትታ ምን ትብላ? እርስዎ ይቀልቧታል?»

አከራይዋ እትዬ ሸዋዬ የፀዲን ክንድ ጭምቅ አደረጉት። «ብትተነፍሺ ሕጉ ሲወጣ እኔም እታሰራለሁ፣ አንቺም ሜዳ ላይ ነሽ» አሉ በሹክሹክታ።

ሰሎሜ እኮ ፈሪ አልነበረችም። ሳቋ ከግቢው በር ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ግን ስልኳን የነጠቃትን ልትከስ ጣቢያ ሄደች። «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሏት። እውነቱን ተናገረች፤ ተሳሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ጎኗን ይዛ በባጃጅ መጣች።

«ያ ከኢተያ ስንዴ የሚጭነው ባለ አይሱዙ ነው። በእርግጫ…» አለች። «ሐኪም ቤት አልሄድም፤ ፖሊስ ይጠራሉ። ጭቃ አዳልጧት ነው በይ።»

ፀዲም እንደተባለችው አለች። በሦስተኛው ቀን ስትቀሰቅሳት ሰሎሜ ቀዝቅዛ ነበር።

ትናንት ባለ አይሱዙው ድንኳኑ ድረስ መጥቶ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ እህል ቀምሶ ሄደ። ሲወጣ ፀዲን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ዘሪሁን ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ።

«አንድ ደግ ሰው ሲሬ ላድርስህ ብሎኛል። ትናንት እዚሁ ለቅሶ የመጣው፣ ባለ አይሱዙው።»

ፀዲ ሳህኑን አስቀመጠች። እትዬ ሸዋዬ ዓይናቸውን አፈጠጡባት። ጥሩምባው ተደገመ።

«ጋሼ ዘሪሁን፣ ከሱ ጋር አይሂዱ።»

«ለምን?»

«እኛ ልብስ አንሰፋም። ሥራችን…» ወደ በሩ ጠቆመች። «እሱ ደንበኛዋ ነበር። ጭቃ አይደለም።»

እጇን ከጋቢው ሥር አስገብታ ጎኑ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነው የመታት።»

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ፤ ዘሪሁን ግን ወደ በሩ አልዞረም። ክንዱን ቀስ ብሎ አወረደና መዳፏን እዚያው ጎኑ ላይ አጥብቆ ያዘው።