ገብስ ያልተዘራበት ቤት

ወንድሜ የትራክተሩን ቁልፍ ከአባባ ኪስ የወሰደው በብርዱ ወራት፣ ገብስ በዘራን ሰሞን ነው። አባባ ሲዘራ አርፍዶ የማሳው መሀል ሲደርስ አንድ ቦታ ዞሮ አለፈ። በየዙሩ ያንኑ ቦታ እየዞረ ባዶውን ተወው። "ምነው አባባ?" ብንለው፣ "ቤት ላይ ይዘራል እንዴ? አበዳችሁ?" ብሎ ተቆጣን።

ቤት የሚለው እሱ የተወለደበትን ነው። እኔ ሳልወለድ ፈርሶ ስንቴ ታርሷል! ወንድሜ "በቃ፣ አባባ አለቀለት" አለ። ምላስህን ይቁረጠው አልኩት።

ግን እኔንም ረስቶኛል። በቁመቴ እየቀለደ ከልጅነቴ ጀምሮ "ቀጭኔ" ነበር የሚለኝ። ከዚያ ወዲህ አንቱ ይለኛል። አባት ልጁን አንቱ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንጀት ይበላል። አንዴ ብቻ፣ አንዴ ቀጭኔ ቢለኝ ሌላ አልፈልግም ነበር።

ገብሱ ከታጨደ በኋላ ባዶውን ቦታ ጨምረን ማሳውን በሙሉ አኩሪ አተር ዘራንበት። ዝናቡ እንደ ነገሩ ጠብ ብሎ ጠፋ። አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነሩን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ አባባን ጋቢና አጠገቤ አስቀመጥኩት። ፊት ለፊቴ ያለው ስክሪን የማሳውን ካርታ እያወጣ፣ ምርት ሲበዛ አረንጓዴ፣ ሲያንስ ቢጫ ይቀባል። ማሳው ቢጫ በቢጫ ሆነ። መሀሉ ላይ ስደርስ ግን አረንጓዴ። ዞሬ ስመለስም እዚያው ላይ አረንጓዴ።

አጭጄ ስጨርስ ስክሪኑ ላይ ቤት ተቀምጧል። አራት ማዕዘኑ ልክ፣ ጎኑ ላይ አባባ ድሮ ሲያወራልን የኖረው ትንሿ ጓዳ ሳትቀር። ወይ ጉድ!

ምክንያቱ አልጠፋኝም። ገብሱ የመሬቱን እርጥበት ጠጥቶታል፤ ባልተዘራበት ውሃው ተቀምጦ አኩሪ አተሩን ጠብቆታል። በሌላ ዓመት እዚያ ቦታ ላይ ልዩነት አይተን አናውቅም። ባውቀውስ? የእኔን ስም የረሳ ሰው የእያንዳንዱን ግድግዳ ቦታ አልረሳም!

"አባባ፣ እየው" አልኩት። ስክሪኑን ዞር ብሎም አላየው። በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ተከተልኩት። የአገዳውን ቅሪት እየረገጠ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጫማውን መሬት ላይ ጠረገ። ባርኔጣውን አወለቀና አጎንብሶ ገባ።

እኔ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ እንጂ!" አለኝ። "ጎንበስ በይ ደግሞ፣ በሩ አጭር ነው፤ ጭንቅላትሽን እንዳትመቺ፣ ቀጭኔ።"

በዚያ ሜዳ ላይ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።