ወፌ ቆመች በአንድ እጅ

ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ደግሞ ይቀመጣል፣ ዱብ፣ በቂጡ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብሎ ይስቃል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ማማ ይላል፣ እኔን መስሎኝ አቤት ብዬ ነበር ሞኟ፣ ስልኩን እኮ ነው፣ ስልኩን ነው ማማ የሚለው፣ ምን ያድርግ የኔ ፍራኦል፣ እናቱን የሚያውቃት እዚች መስታወት ውስጥ አይደል፣ ልጄ ፅዮናዊቴ ፈረንጆቹ ቤት እያደረች የሰው ልጅ ታጥባለች፣ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ አርብ፣ ይለቋታል፣ አባቱ ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ መንገድ ላይ ነው፣ እና እኔና የልጅ ልጄ፣ እኔና እሱና ይቺ ስልክ።

አደራ አለችኝ። እማዬ፣ መጀመሪያ ሲራመድ እንዳያመልጥሽ፣ ቅረጪልኝ፣ እሺ? ቀጥ አድርገሽ ያዢው ደግሞ፣ ባለፈው ጣሪያውንና አውራ ጣትሽን ነው የላክሽልኝ። እሺ አልኩ። እሺ ለማለትማ ማን ይሰንፋል።

ይኸው ልጁ ከፊቴ ተቀምጦ እኔ በስልክ አሾልቄ አየዋለሁ፣ ሙቀቱ አንገቱ ላይ ያወጣበትን ሽፍታ እንኳ ያየችልኝ ናዒማ ናት፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ አዬዮ ትለኛለች በሶማሌኛ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ አዬዮ አንገቱን አላየሽም እንዴ፣ አፈርኩ፣ ቀኑን ሙሉ ሳየው አይደል የምውለው፣ ቀረፅኩት እንጂ መች አየሁት።

ሐሙስ ነው ዛሬ። ነገ ትመጣለች። አንተ ልጅ፣ ነገን ብትጠብቅ ምን አለበት፣ ቢጫውን የውሃ ጀሪካን ተደግፎ ተነሳ፣ ስልኬን አነሳሁ፣ ዱብ። ተነሳ። አነሳሁ። ዱብ። ማማ። ክንዴ ዛለ፣ የጫቱ መኪና ክላክሱን እያስጮኸ አለፈ፣ አሁን የሰፈራችን የካርቲየ ሰባት ቢስ ወንድ ሁሉ ይሯሯጣል፣ ሙቀቱስ ቢሆን፣ ስልኩን ሰሌኑ ላይ ደፋሁት፣ ላቤን ልጥረግ ብዬ፣ ለላቤ ብቻ፣ ቀና ስል

ጀሪካኑን ለቋል።

ቆሟል። ምንም ሳይዝ። እጄ እኔን ሳያማክር ጨብ ጨብ ጀመረ፣ ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች፣ ማን በአንድ እጁ ወፌ ቆመች ብሎ ያውቃል፣ እናቱንም እዚሁ ግቢ በነዚሁ እጆች ነው ያስቆምኳት፣ መጣ፣ ተንገዳገደ፣ ደግሞ መጣ፣ ሆዱን አስቀድሞ እንደ ሹም፣ ከዚያ ጭኔ ላይ፣ ላቡ፣ ምራቁ፣ ልቡ እንደ ጫጩት፣ እልልልል!

ወይኔ ስልኩ።

እንደተደፋ ነው። በምን አፌ ልንገራት፣ አንድ ነገር አደራ ብትለኝ፣ አዬዮ! ናዒማ፣ በሩ ላይ፣ ስልኳን ደግና፣ አዬዮ ውብነሽ ይዤዋለሁ፣ ወላሂ ከመጀመሪያው ይዤዋለሁ! እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ። አሁኑኑ ለፅዮን ልላክላት? ላኪ፣ አይ ቆይ። ቆይ እስቲ ናዒማ።

ታየችኝ። ልጄ። የሰው ወጥ ቤት ቆማ፣ እጇ ሳሙና፣ ልጇ ሲራመድ ታያለች፣ ወደኔ፣ ወደሷ አይደለም፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ትከፍታለች፣ አውቃታለሁ፣ ለቅሶዋ እንዳይሰማ ነው ውሃ የምትከፍተው።

አጥፊው። ምን? አጥፊው የኔ እናት። አብደሻል እንዴ አዬዮ፣ ቲክቶክ ላይ ባወጣው አገር ያየው ነበር! አገር ይቅርበት፣ እናቱ ትየው፣ አጥፊው እያየሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን ያቺን የቆሻሻ ቅርጫት መቼ አጣኋት። ጉንጯን ነፍታ ነካቻት። ሄደ።

ስልክን ጠልቼ አይደለም እኮ፣ ውለታው አለብኝ፣ እናቱ ማታ ማታ እሹሩሩ የምትለው በሱ ነው፣ እሱ ባይኖር ልጁ ድምጿን ከየት ያውቀው ነበር፣ ይኸው ራሱ ጠራ፣ ከሰዓት ማዳሟ ጋደም ስትል ነው የምትደውለው፣ አረንጓዴውን ነካሁ፣ ልጁ በጉልበቶቼ መሃል ይፍጨረጨራል፣ እግሩን አውቆታላ፣ ሱሪውን ከኋላ ጨበጥኩ። እማዬ፣ ተራመደ እንዴ?

ገና ነው ልጄ።

እፎይ አለች። ውሸቴን ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግን እፎይ ስትል አየሁ።

አርብ። መጣች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ፣ ግንባሯ ላብ፣ ገና ከበሩ ፍራዬ! ብላ ስልኳን አነሳች፣ ፊቷ ከስልኩ ኋላ ጠፋ፣ እሱ ተነስቶ ነበር፣ ስልኩን አየ፣ ዱብ። ማማ አለ። ለስልኩ። እጇ ወረደ። ስጪኝ አልኳት፣ ተቀበልኳት፣ ሰሌኑ ላይ አኖርኩትና ተቀመጥኩበት፣ አዎ ተቀመጥኩበት። እማዬ ይሰበራል! ይሰበር፣ አንቺ አጨብጭቢ፣ በሁለት እጅሽ።

ወፌ ቆመች፣ አጨበጨበች ልጄ፣ ወፌ ቆመች፣ ናዒማ በሩ ላይ አፏን በመዳፏ ይዛለች፣ ምስጢሩ እንዳያመልጣት፣ ልጁ ጀሪካኑን ለቀቀ፣ ፊቷን አየ፣ ደህና አድርጎ አየ፣ ማማ፣ ለመስታወቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም፣ ሄደ፣ ሆዱን አስቀድሞ ሄደላት፣ እልልልል፣ ይሄ እልልታዬ ውሸት የለበትም፣ ከስሬ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ማዳሟ ትሆናለች፣ ይንቀጥቀጥ፣ እኔ እንደሁ አልነሳም