ሰማንያውን የቆጠርኩት እኔ ነኝ

«ከዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ፍሬ ብጨምር፣ ቁስቋም ማርያም እዚሁ ድንኳን ውስጥ ትፍረድብኝ!» አልኩና የንፍሮውን ሰሃን ከጉልበቴ ላይ አወረድኩ።

«ኧረ ግዛቸው፣ ማርያምን ተዋት። ስንት ሥራ አለባት» አለኝ ወልዱ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ካርታውን እየበወዘ።

የሥራ ባልደረባዬ የስብሐት ሠልስት ነበር። እኔ ደግሞ በቅናት እየተቃጠልኩ ነበር። በሞተ ሰው ይቀናል? ይቀናል! ጉለሌ ከተቆረቆረች ጀምሮ እንዲህ ያለ ለቅሶ አላየችም። ቀብሩን ሳይጨምር አምስት ሺህ ሰው መጥቷል።

«ድንኳኑ የሚይዘው መቶ ሃያ ወንበር ነው» አለ ወልዱ።

«ተፈራርቀው ነዋ!»

ቄሶቹ መጡ፤ የጎረቤቶቻችን የጴንጤዎቹ መዘምራንም መጡ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ከሸጎሌ ድረስ በሁለት ታክሲ መጥታ፣ «አባቴን ያዳነልኝ እሱ ነው» እያለች ደረቷን ደቃች። የራሴን ለቅሶ በሆዴ ሳልኩት። ወልዱ ይመጣል፤ እሱም የእድሩን ወንበር ሊቆጥር።

«ለመሆኑ አንተና ስብሐት ላቦራቶሪ ውስጥ የምትቆጥሩት ምንድነው?» አለኝ ወልዱ።

ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። እኔና ስብሐት ሠላሳ ዓመት፣ እሺ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ከፍ ብሎ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሴል ቆጥረናል።

«አንድ ሰው አንገቱ ሥር ንፍፊት ወጣበት እንበል» አልኩ፣ ድምፄን ለኋለኞቹም ከፍ አድርጌ። «ሐኪሞቹ ቆርጠው ያወጡታል። የሊምፍ ካንሰር ሆነ። ግን ምን ዓይነት? ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስተን እንቆርጠውና መስታወት ላይ አድርገን ቀለም እናስነካዋለን። ሊራባ የተነሳው ሴል ቡናማ ይሆናል፤ ያረፈው ሰማያዊ። እንግዲህ ከመቶው ስንቱ ቡናማ ነው? ሃያ ከሆነ በሽታው አዝጋሚ ነው፤ ሰማንያ ከሆነ ጋላቢ። ሌላም የሚታይ ነገር አለ፤ ግን መድኃኒቱ ሲመረጥም፣ የሰውየው ቀሪ ዕድሜ ሲገመትም ያቺ ቁጥር ትጠየቃለች።»

«ይህን የሚቆጥር ማሽን የለም እንዴ?»

«እኔ እያለሁ?»

ደንቡ እንዲህ ነው፤ አንዱን መስታወት ሁለት ሰው ይቆጥረዋል። አይነጋገሩም። እያንዳንዱ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ ለአለቃችን ለዶክተር ሩታ ይሰጣል። ከተራራቁ ራሷ አጎንብሳ ትቆጥራለች። አጎንብሳ ቀና ባለች ቁጥር፣ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ከአፏ የምትወጣው ያቺው ቃል ነበረች፦ «የስብሐት ልክ ነው።»

ቢኮራ እኮ ጥሩ ነበር፤ እጠላውና ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ፣ «ግዛቸው፣ ንፍፊት እንደ ሸጎሌ ከብት ገበያ ነው» ይለኛል። «በዳር ገብተህ ሁለት የተኙ በሬዎች ስላየህ ገበያው ቀዝቅዟል አትበል። ግርግሩ ያለበትን ጥግ ፈልግና እዚያ ቁጠር።» ይህን ሲለኝ ጥርሴን አፋጭ ነበር። ግርግሩን መፈለግ እኔም አውቃለሁ! የማላውቀው እሱ እንዴት ቀድሞኝ እንደሚያገኘው ብቻ ነው።

«ታዲያ አምና ጥቅምት ላይ» አልኩ፣ አሁን ካርታ ጨዋታው ሁሉ ቆሟል፤ «የመለያ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት፣ ስም የሌለው መስታወት መጣ። ቆጠርን። እኔ ሰማንያ። ስብሐት ሃያ! ዶክተር ሩታ አጎንብሳ፣ ቀና ብላ፣ ‹ዛሬስ የግዛቸው ልክ ነው› አለች። ላቦራቶሪው በጭብጨባ ተናጋ። በኋላ ሲጣራ፣ ለካ ንፍፊቱ የራሱ የስብሐት ኖሯል! የራሱን ሞት ዐይኑ እምቢ አለው። በእኔ ቁጥር ጠንካራው መድኃኒት ተጀመረለት። እነዚያን አሥራ አራት ወራት የኖረው…» ብድግ አልኩ፤ «በእኔ ነው!»

አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። የስብሐት ሰዎች በስብሐት ለቅሶ ላይ እኔን፣ እኔን ብቻ ያዩ ነበር። አልዋሻችሁም፣ ጣፈጠኝ።

ከዚያ ዐይናቸው ከእኔ አልፎ ወደ ኋላዬ ሄደ። የስብሐት ሚስት ሠርካዲስ ከቤት ወጥታ የድንኳኑ አፍ ላይ ቆማለች። መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከእኔና ከወልዱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣

«ግዛቸው፣ የተገላቢጦሽ ነው» አለች። «ሃያ የጻፍከው አንተ ነህ። ሰማንያ ያለው እሱ ነው።»

«እ… ማለቴ…»

«ስም አልነበረውም ትላለህ። ንፍፊቱን ያወጡለት ቀን እኔና አንተ በር ላይ አብረን ቆመን አልነበረም? ኮቱን የያዝክለት አንተ። ለመስታወቱ የቆረጥከውም አንተ። የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር።»

ወልዱ አቀረቀረ።

«ያን ዕለት ቤት ሲገባ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ያ ቀናተኛ ወደ ግርግሩ ማየት አቃተው፤ የተኙት በሬዎች ጋ ቆሞ ሃያ ብሎ ጻፈልኝ› አለና ሳቀ። ስቆ ስቆ አለቀሰ። ዶክተር ሩታን ‹እንዳትነግሪበት፤ እኔም የእሱን ብቆጥር ሃያ ነበር የምለው› ብሎ የለመናት እሱ ነው።»

የንፍሮውን ሰሃን መልሼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩና ፍሬውን መቁጠር ጀመርኩ፤ እንባዬ አላስቆጥር አለኝ።

ሠርካዲስ የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ አንስታ ፊቴን ጠረገችልኝ። የሟች ሚስት፣ እኔን።