የጋሽ አባይነህ ጋቢ

አሥራ ስምንት ዓመት ሰው ሳነሳ ኖሬ ወገቤ አለቀ። ባለፈው ወር ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን እያየ፣ «ሲስተር ዶርቃ፣ አንድ ጊዜ ተሳስተሽ ካነሳሽ ዎርድ መሥራት አበቃ» አለኝ። ዎርድ ካልሠራሁ ምን እንደምሠራ ጌታ ይወቀው። ስለዚህ ብልሃት አበጀሁ፤ ጋቢ ከበሽተኛው ሥር አንጥፎ፣ ለአራት ጥግ ጥጉን ይዞ፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ መሳብ። መካኒሳ ያለው ሆስፒታላችን ማንሻ ማሽን እስኪገዛ ብጠብቅ ኖሮ ይሄኔ ጎብጬ ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አልጋ ሰባት የተኙት ጋሽ አባይነህ ወደ ታች ተንሸራትተው፣ እግራቸው ከአልጋው ብረት ተጣብቆ አገኘኋቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞታል፤ ሰውዬው ደግሞ ግዙፍ ናቸው። ባልደረባዬን ቱሉን ጠርቼ ጋቢያቸውን ከሥራቸው ልናስገባ ስንል፣ ልጃቸው ጸሐይወርቅ እጄን ያዘችኝ።

«በጋቢ አይሆንም። እንደዚህ ተይዞ የሚወጣ ሬሳ ነው። አባቴ ላይ በቁሙ አታሟርቱበት።»

«እህቴ፣ እኔ እኮ...»

«ብብቱን ይዛችሁ አንሱት። እኔም አግዛለሁ።»

መከራከር ሰለቸኝ። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ሰው አገላብጫለሁ፤ አስታማሚ ሁሉ ደግሞ ከእኔ በላይ አዋቂ ነው። ደክሞኝ ነው እንጂ እምቢ ማለት አያቅተኝም ነበር። በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው ቱሉ ብብታቸውን ያዝን፤ እሷ እግራቸውን። «አንድ፣ ሁለት» ስል ጸሐይወርቅ ሦስትን ሳትጠብቅ ገፋች። ጋሽ አባይነህ ወደ እኔ ዞሩና ክብደታቸው በሙሉ ወገቤ ላይ አረፈ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ።

እሳቸው ትራሳቸው ላይ ደረሱ። እኔ ሊሾው ላይ ቀረሁ።

እግሬን ባዝዘው እምቢ አለኝ። እንባዬ መጣ፤ ያስለቀሰኝ ሕመሙ ብቻ አይደለም፣ የሐኪሙ ቃል ነው። ቱሉ ብብቴን ሊይዝ ሲያጎነብስ «እንዳትነካኝ» አልኩት።

ጋሽ አባይነህ ከጎናቸው የተተወውን ጋቢ በደህናው እጃቸው ገፋ አድርገው፣ በተኮላተፈ አፋቸው «ለልጅቷ... አንጥፉላት» አሉ።

ጸሐይወርቅ ተቀብላ አጠገቤ ተንበረከከች። እሷና ቱሉ በቀስታ በጎኔ አዙረው ከሥሬ አነጠፉት። ከአጠገብ አልጋ ሁለት አስታማሚዎች መጡና አራቱም ጥግ ተያዘ። ጸሐይወርቅ ወገቧን አጉብጣ ጥጉን ስትጨብጥ አየኋት።

«ጉልበትሽን እጠፊ» አልኳት። «ያንቺ ወገብ እንኳ ይትረፍ።»

አጠፈች። ሦስት እስኪባልም ጠበቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዎርድ አልገባሁም።