ያልተቀመሰ ሰላጣ

ዋጋነሽ ከሞጣ ኮልፌ ከገባች ወር ሊሞላት ነው። ያረፈችው የአጎቷ ልጅ ፀሐዬ ቤት ሲሆን፣ ሚስቱ ፊቷን ማጥቆር ጀምራለች። ፀሐዬም ይሉኝታ ይዞት ሲያመነታ ከረመና፣ «በዚህ ሳምንት ሥራ ካልያዝሽ ወደ ሞጣ አሳፍርሻለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ሞጣ የሚጠብቃት ደግሞ ሁለት ጥርሷን ያወለቀው ባሏ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ እንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት የሆነው ጣልያን ሚስት፣ ሲኞራ ቴሬዛ፣ በወጥ ቤትነት ልትሞክራት ስትቀበላት ዋጋነሽ ደጃፉን ስማ ነበር የገባችው።

ሲኞራ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ኖራለች፤ አማርኛዋ አይታማም።

«ነገ ለምሳ እንግዳ አለብኝ» አለቻት። «የብርቱካኑን ልጣጭ ከነነጩ አንሺና ክብ ክብ አድርገሽ ቁረጪው። ቀይ ሽንኩርት በስሱ ቆርጠሽ ጣል ጣል፤ ከዚያ ኦሊቫውን በላዩ። ዘይትና ቁንዶ በርበሬ፣ አለቀ። ጨው እንዳትጨምሪ!»

ኦሊቫ ማለት ፈረንጅ በጨው ውሃ አቆይቶ የሚበላው የወይራ ፍሬ ነው። በዋጋነሽ አገር ወይራ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል እንጂ ፍሬውን ከወፍ በቀር የሚቀምሰው የለም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የሁዳዴ ጾሟን ስትፈታ አንዷን አፏ ውስጥ ጣለችና ፊቷ ተጨማደደ። ጨው! ምሬት! ሲኞራ አሳዘነቻት፤ «ምስኪን፣ የሚያሳያት አጥታ ነው» አለች በሆዷ። የጎጃም ሴት ደግሞ በመራራ ነገር አትረታም፤ ያን የመሰለ መራራ ግብጦ ቆልታ፣ ዘፍዝፋ፣ ውሃ እየለዋወጠች ታጣፍጠው የለ! ኦሊቫውን ዘፈዘፈችው። ማታ ከመሄዷ በፊት አንዴ፣ ጠዋት ሁለቴ ውሃ ለወጠችለት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሳህኑ አምሮ ቀረበ። ሲኞራ አንድ ኦሊቫ ጎረሰችና ማኘኩን አቆመች።

«ምን አደረግሽው?»

ዋጋነሽ ኮራ ብላ አስረዳች።

«ጨው አትጨምሪ ያልኩሽ ኦሊቫው ራሱ ጨው ስላለው ነበር! አጥበሽ ገደልሽው። ቆይ፣ ስትሠሪ አልቀመስሽውም?»

«ጾም ነኝ እኮ ሲኞራ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንዴት እቀምሳለሁ? እኛ ወጡን በማሽተት ነው የምናውቀው። ትንሽ ቢታገሡኝ...»

«የማይቀምስ ወጥ ቤት ምን ያደርግልኛል? እንግዶቼ መንገድ ላይ ናቸው። ቅመሽና አስተካክዪው፤ ካልሆነ ነጠላሽን አንሺ።»

ዋጋነሽ ሹካውን ያዘች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሁዳዴን አንድ ቀን ሳትገድፍ ነው የኖረችው፤ ወባ ጥሏት ቄሱ ብዪ ሲሏት እንኳ እምቢ ብላለች። ሞጣ ያለው የባሏ ኮቴ ከደጅ የሚመጣ መሰላት። ፈራች፤ ባሏን ከእግዜር ይልቅ ፈራችው።

ጎረሰች።

«ጨው ይፈልጋል» አለች። ነሰነሰችበት፣ ግማሽ ሎሚ ጨመቀችበት፤ ደግማ ቀመሰች። ሲኞራም ቀመሰች።

«አሁን ገና! ነገም በሁለት ሰዓት ነይ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥራው ያንቺ ነው» ብላ ሳህኑን ይዛ ወጣች።

ዋጋነሽ ማድ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። መክተፊያው ላይ ዘይትና ጨው የነካት አንዲት ክብ ብርቱካን ተርፋለች። አነሣቻትና በላቻት።

ሁለቱን ጉርሻ ለንስሐ አባቷ ትናገራለች፤ ስግደት ያዝዟታል፣ ትሰግዳለች። ሦስተኛውን ማንም ሳያዝዛት ለምን እንደጎረሰች ግን ምን ብላ እንደምትነግራቸው አላወቀችም። ጣፍጧት ነበር።